ጉልበት መጨረሻ ይምጣ፦ ከፈረስ መጋላ ፔጆ እስከ መወዳደሪያ መም

(በድሬዳዋ ለአውቶ መካኒክ ሰልጣኞችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራንና ክቡራት፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ውድ ሰልጣኞች፤ እንደምን አመሻችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ አሮጌ ስፖርት መኪናን ለመወዳደሪያ መም ስለማዘጋጀት ነው። መም ስል ዙሪያው ተዘግቶ እግረኛም፣ ግመልም፣ ባጃጅም የማይገባበትን፣ ለመኪና ውድድር ብቻ የተሠራውን የአስፋልት ቀለበት ማለቴ ነው። ርዕሱን ስትሰሙ አብዛኞቻችሁ ዝቅ ያለች ቀይ መኪና በዓይነ ሕሊናችሁ ሳትመጣባችሁ አልቀረችም። ስለ እንዲህ ያለችው መኪናም እናገራለሁ። የምነሳው ግን እናንተም ወላጆቻችሁም ተሳፍራችሁ ከምታውቁት መኪና ነው፤ ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ተሰልፎ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከኖረው ከፔጆ 404።

እ.ኤ.አ. በ1965 የፔጆ ኩባንያ መሐንዲሶች ጣሪያው ተከፋች የሆነውን 404 ወስደው ለመም አዘጋጁት። ወንበሮቹን አውጥተው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ጠባብ ጋቢና ሠሩለት፤ ከሹፌሩ ራስ በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን ገጠሙ፤ አየር እንዳያግደው አካሉን አለሰለሱት። ከዚያም ከፓሪስ በስተደቡብ ወደሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ ተከፈተው የሞንትሌሪ መም ወሰዱት። ሞንትሌሪ ርዝመቱ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ መታጠፊያዎቹ ወደ ውጭ ሽቅብ የተቀለበሱ ቀለበት ነው። ኮፈኑ ሥር የነበረው ሞተር የናፍጣ ነበር። በዚያን ዘመን ናፍጣ የጭነት መኪናና የታክሲ ነገር ነው ተብሎ ይናቅ ነበር። ያ መኪና ግን ሹፌር እየተቀያየረበት 72 ሰዓት ቀንና ሌሊት ዞረ፤ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፈነ፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያ ርቀት ከድሬዳዋ አዲስ አበባ አሥር ጊዜ ሄዶ ከመመለስ ይበልጣል። በዚያ ዓመት መኪናው በጠቅላላው 40 የዓለም ክብረ ወሰኖችን ያዘ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት በውስጡ ትልቅ ትምህርት ስላለ ነው። እነዚያ መሐንዲሶች ግዙፍ ሞተር ፍለጋ አልሄዱም። የአየሩን ግፊት ቀነሱ፤ የማያስፈልገውን አወጡ፤ ሞተሩ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይግል እንዲዞር አደረጉ። እኔም ዛሬ የምሟገትለት ሐሳብ ይኸው ነው። መኪናን ለመም የሚያዘጋጅ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተዳድረው ሙቀትንና ክብደትን ነው፤ የሞተር ጉልበት በሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል። እኛ ጋ ግን አንድ ወጣት አሮጌ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ሞተር ልጫንበት?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይሰጋል፤ ፍሬኑን ሳይጠይቅ ሞተር የሚጠይቅ ልጅ ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁና።

አሁን ወደ ሐረር እንመለስ። መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ 404 ስታገኙ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የወጣ፣ አካሉ በጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የተነደፈ ነው። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,618 ሲሲ፣ መጀመሪያ ሲወጣ 72 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ነው። በመጀመሪያ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሟል። ይህ ኮፈኑን ዝቅ ለማድረግ ብቻ የተደረገ አይደለም። ከባዱ ብረት ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር መኪናው መታጠፊያ ላይ የመንጋደድ ዝንባሌው ይቀንሳል። መሪው ቀጥተኛ የጥርስ ዘንግ ስላለው እጃችሁ የሚያዘውን ጎማው ሳይዘገይ ይሰማል። ከራዲያተሩ ጀርባ ያለው ማራገቢያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ራሱን ከሞተሩ የሚያላቅቅ ነው፤ ሲያስፈልግ ብቻ ይዞራል፤ በከንቱ ጉልበት አይበላም።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን ሲሊንደሮቹን ነው። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች ከብሎኩ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና አካል፣ የሚነቀሉ ናቸው፤ የራዲያተሩ ውኃ በቀጥታ ዙሪያቸውን ይነካል። ሲሊንደሩ ሲበላ ብሎኩን በሙሉ ተሸክሞ ለማስፋት መንከራተት አያስፈልግም፤ ሲሊንደሩን ከነፒስተኑ ነቅሎ አዲስ ማስገባት ይቻላል። መኪናው ሐረር ላይ ይህን ያህል ዘመን የቆየበትን ምክንያት ፈልጉ ብትሉኝ ከዚህ እጀምራለሁ። ለሹፌሮቹ ትዕግሥትና ለመካኒኮቹ ብልሃት ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ መኪናው ራሱ እንዲጠገን ተደርጎ የተሠራ ነው። ለመም የሚዘጋጅ መኪናም የሚመረጠው በዚህ መስፈርት ነው። መም ላይ ነገር ይሰበራል። የተሰበረውን በአንድ ሌሊት ፈትቶ መመለስ የማይቻልበት መኪና የቱንም ያህል ቆንጆ ቢሆን በሳምንቱ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቀራል።

«404 እኮ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ስፖርት መኪና አይደለም» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። ባለ አራት በሩ 404 የተሠራው ለቤተሰብ ነው። ግን በጎረቤታችን በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ምድር ይካሄድ የነበረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ውጤት ተመልከቱ። 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። በ1963 ውድድሩን ከጀመሩት 84 መኪናዎች መካከል መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። በ1968ም እንዲሁ 7 መኪናዎች ብቻ ጨረሱ። ሁለቱንም ጊዜ ከሰባቱ ቀድሞ የገባው በኒክ ኖዊኪና በፓዲ ክሊፍ የተነዳ 404 ነበር። ጭቃና ድንጋይ በበዛበት በዚያ መንገድ ከ404 የፈጠኑ መኪናዎች ሞልተው ነበር፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ ቀሩ።

ስለ ሳፋሪ ካነሳሁ አይቀር ጆጊንደር ሲንግን ሳልጠቅስ አላልፍም። የኬሪቾ ባለ ጋራዥ ልጅ ነበር፤ በአባቱ ጋራዥ እጁ ዘይት እየነካ ያደገ መካኒክ። እ.ኤ.አ. በ1965 ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሳፋሪን ያሸነፈው በቮልቮ ፒቪ 544 ሲሆን፣ መኪናዋ ቀደም ሲል ሌሎች ተወዳድረውባት የነበረች ያገለገለች መኪና ነበረች። ሌላው ሰው የጣላትን ገዝቶ፣ እያንዳንዱን ብሎን ራሱ አይቶ፣ አዲስ መኪና ይዘው የመጡትን ቀደማቸው። እናንተ ሰልጣኞች ይህን ሰው እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ከእኛው ቀጠና የወጣ፣ እንደ እናንተ ከጋራዥ የተነሳ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስትመጡ ሐረማያን አልፋችሁ ደንገጎ አናት ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር እንኳ ያንን ተራራ መውጣት አልቻለም፤ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ። ይህች ከተማም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ከደንገጎ አናት እስከዚህ ድረስ ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ይወረዳል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደ በቀር የዚያ ሁሉ ቁልቁለት ጉልበት ወደ ፍሬኑ ይገባል፤ ወደ ሙቀት ይቀየራል። በመንገዱ የተመላለሰ ሰው ያንን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቀዋል።

እስቲ እናስላው። ከነሹፌሩ 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ተይዞ ቢቆም፣ በዚያች አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጠረው ሙቀት ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከደንገጎ በፍሬን ብቻ ቢወረድ ደግሞ የሚፈጠረው ሙቀት በዚያ ፍጥነት አሥራ አራት ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር እኩል ነው። ብዙ ነው፤ ግን የቁልቁለቱ ሙቀት በረጅም መንገድ ላይ ይበተናል። መም ላይ አንድ ዙር ብቻ ውስጥ ሹፌሩ አራት አምስት ጊዜ ፍሬን አጥብቆ ይይዛል፤ ዙሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ ወዲያው ሌላ ዙር ይጀምራል። ደንገጎን በስድስት ደቂቃ ያህል እየወረዱ፣ አናቱ ላይ ተመልሶ ሳያርፉ እንደገና መውረድ ማለት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ሙቀቱ በእኩል መጠን አይጨምርም። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢያድግ ሙቀቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ጠንካራ ሞተር የጫነበትና ፍሬኑን እንደነበረ የተወው ሰው መኪናውን አላሻሻለውም፤ አደጋ ውስጥ ከትቶታል።

ወጣት ሳለሁ ያሠለጠኑኝ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ፤ ጋሼ ብዬ ነበር የምጠራቸው። ከደንገጎ ወርዶ ጋራዥ የገባ መኪና ሲያጋጥማቸው ሹፌሩን ምንም አይጠይቁትም ነበር። በጣሳ ውኃ ይይዛሉ፤ ጣታቸውን ይነክሩና አንድ ሁለት ጠብታ በቸርኬው ቀዳዳ አሳልፈው ታምቡሩ ላይ፣ የፍሬን ሸራው ከውስጥ በሚጫነው ክብ ብረት ላይ፣ ያንጠባጥባሉ፤ ጆሮአቸውን ያዘነብላሉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ጎማ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው። ጠብታው አንዱ ላይ ሲንጫጫ ሌላው ላይ ዝም ብሎ ከፈሰሰ «የግራው ብቻውን ነው የሚሠራው፤ የቀኙ ተኝቷል» ይላሉ። ታምቡሩ ሲፈታ ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ሆኖ ይገኛል፤ ወይ የጎማው ፍሬን ሲሊንደር ደርቋል፣ ወይ ሸራው ዘይት ጠጥቷል። ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች ላይ ባለሙያዎች መኪናው ገና ሳይቆም በሙቀት መለኪያ መሣሪያ የአራቱንም ጎማ ፍሬን ይለካሉ። ጋሼ በሁለት ጠብታ ውኃ ያገኙት የነበረው መልስ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጠብታ ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ፤ በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ የሚደፋ ሰው ታምቡሩን ይሰነጥቃል።

የመጀመሪያዎቹ 404ዎች አራቱም ጎማቸው ላይ የታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ በኋላ የወጡት ከፊት ዲስክ፣ ማለትም በግልጥ የሚዞር ሳህን መሰል ብረት፣ አገኙ። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ መኪናው ግን አይቆምም። ዲስክ ነፋስ ስለሚያገኘው ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ስለዚህ 404ን ለመም የሚያዘጋጅ ሰው የመጀመሪያ ብሩን የሚያወጣው ከኋለኞቹ 404ዎች የፊት ዲስኩን ከነተሸካሚው አግኝቶ በመግጠም፣ ከፊት መከላከያው ሥርም ነፋስ ወደ ዲስኩ የሚወስድ ቱቦ በመዘርጋት ላይ ይሁን። ቱቦው ከባድ ወጪ የለውም፤ ብልሃት እንጂ።

የፍሬን ዘይት ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ብዙ ጋራዥ ውስጥ እንደ ተራ ነገር ይታያል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230። ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። በቂ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የዶት 3 መፍያ ወደ 140፣ የዶት 4 ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ሸራው ሲግል የሚሆነውና ዘይቱ ሲፈላ የሚሆነው የተለያዩ ናቸው፤ ሹፌሩ በእግሩ ለይቶ ሊነግራችሁ ይገባል፤ እናንተም ሰምታችሁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ወደ መም የሚሄድ መኪና የፍሬን ዘይቱ ከመሄዱ በፊት በሙሉ ይቀየራል። ከተከፈተ ወራት ያለፈው ጣሳ ላይ የተረፈውን አትጠቀሙ። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት ደግሞ በፍጹም ወደ ፍሬን ቋት አይጨመር፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሥርዓቱን በሙሉ ያበላሻል።

ከፍሬን ቀጥሎ ክብደት ነው። እዚህ ላይ ቃል የገባሁላችሁን ዝቅ ያለች ስፖርት መኪና፣ ፖርሽን ላምጣ። እ.ኤ.አ. ለ1973 የተሠራው ፖርሽ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 ዛሬ በዓለም ላይ ከሚፈለጉት አሮጌ ስፖርት መኪናዎች አንዱ ነው። ሞተሩ 210 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ዛሬ አንድ ተራ የቤት መኪና ይህን ያህል ሊኖረው ይችላል። ታዲያ ምኑ አስወደደው? ቀላሉ ዓይነት ላሜራው ቀጥኗል፤ መስታወቱ ቀጥኗል፤ የኋላ ወንበር የለውም፤ በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በእጀታ ሳይሆን በማሰሪያ ጠፍር ነው። ምቾት ካለው ወንድሙ ጋር ሲነጻጸር ወደ 100 ኪሎ ያህል ይቀላል። ፋብሪካው ራሱ ጠፍር እስከ መግጠም ድረስ ግራም እየቆጠረ ሲቀንስ፣ እኛ የኋላ መቀመጫውን፣ የወለሉን ምንጣፍ፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ጭነን ስለ ጉልበት መነጋገራችን ትክክል አይደለም። የወጣ ክብደት ፍሬንን ያሳርፋል፤ ጎማን ያሳርፋል፤ መኪናው ሲነሳም ሲታጠፍም ይጠቅማል። ጉልበት የሚጠቅመው ቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

ግን በጥንቃቄ። ክብደት እቀንሳለሁ ብሎ የአካሉን ድጋፍ የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። ፖርሽ ያቀጠነው አስቦ፣ አስልቶ ነው። እናንተ የምታወጡት በብሎን የተያዘውን ነው፤ የተበየደውን አትንኩ።

የጎማን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በዚህ ከተማ ፀሐይ ሥር ዓመታት የቆመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎሚኒው ደርቋል። መም ላይ አይወጣም። በቃ።

ሙቀት ፍሬን ላይ ብቻ አያበቃም። ከባሕር ወለል በላይ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሐረር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ከጉልበቱ በዚያው ልክ ያጣል። 72 የተጻፈለት ሞተር ሐረር ላይ ከ58 ብዙ አይበልጥም። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን አየሩ እንደሳሳ ስለማያውቅ ቤንዚኑን ያበዛዋል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ሐረር የተስተካከለ ካርቡራተር ድሬዳዋ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ የጋለ ሞተር ፒስተን ይበላል። የሁለቱ ከተሞች ሹፌሮች ይህን በዕለት ሥራቸው ያውቁታል። በቀትር ሙቀት ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ ተንኖ ሞተሩ ሲጠፋ የቤንዚን ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ የሚጠቀልል ሹፌር ያላየ በመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። መም ላይ ጨርቁ አይበቃም። የቤንዚን ቧንቧውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ፣ በሙቀት መከላከያ መሸፈን፣ ትርፉ ቤንዚን ወደ ታንከሩ የሚመለስበት ሁለተኛ መስመር መዘርጋት ያስፈልጋል። ሐሳቡ ያው የሹፌሩ ሐሳብ ነው።

ዘይትም አለ። ረጅም መታጠፊያ ላይ የሞተር ዘይት ወደ ቋቱ አንድ ጎን ይሸሻል፤ የዘይት ፓምፑ አፍ አየር ይስባል፤ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ የተቀመጠባቸው ኩሽኔታዎች ይቃጠላሉ። መንገድ ላይ ይህ አይደርስም፤ እንደዚያ አድርጎ የሚታጠፍ ስለሌለ። መፍትሔው ቋቱን አውርዶ፣ ከፓምፑ አፍ ዙሪያ ዘይቱን የሚያግዱ፣ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች ያሏቸው የላሜራ ግድግዳዎች መበየድ ነው። ይህን ሥራ ለመሥራት ውጭ አገር መላክ አያስፈልግም። ይህች ከተማ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የባቡር ሞተር ስትፈታና ስትገጥም፣ ብረት ስታቀልጥና በቶርኖ ስትቀርጽ የኖረች ናት። ያንን ሙያ ከአባቶቻቸው የወረሱ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ለሚሊ ሜትር መቶኛ የሚጠነቀቅ እጅ በመካከላችን እያለ ከሩቅ ዕቃ ስንጠብቅ ሳይ ያንገበግበኛል።

አሁን በቁጣም ቢሆን የምናገረው ጉዳይ ላይ ደረስኩ። መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው ሹፌሩ ላይ እንዳይወድቅ በውስጥ በኩል የብረት ቱቦ መከላከያ ይሠራል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለዋናው ቅስት የሚፈልገው ስፌት የሌለው፣ በቅዝቃዜ የተሳበ የካርቦን ብረት ቱቦ ነው፤ ዲያሜትሩ 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር። እኛ ጋ የውኃ ቧንቧ አጣጥፎ፣ ቀለም ቀብቶ «መከላከያ ሠራሁ» የሚል አለ። የውኃ ቧንቧ ስፌት አለው፤ ሲመታ ስፌቱ ላይ ይከፈታል፤ የተሰበረው ጫፍ ወደ ሹፌሩ ይዞራል። ያ ነገር ጭራሽ መከላከያ ከሌለው መኪና ይልቅ የሚያስፈራ ነው። ቱቦው ካልተገኘ መኪናው መም ላይ አይውጣ። ከቱቦው ጋር ደግሞ ትከሻን የሚይዝ ቀበቶ፣ ከወለሉ ጋር በወፍራም ብረት የታሰረ ወንበር፣ እጅ የሚደርስበት የእሳት ማጥፊያ ይኑር። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

«መም በሌለበት ከተማ የት ልንነዳው ነው?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የት እንደማይነዳ ግን አሁኑኑ እናገራለሁ፤ ደንገጎ ላይ አይነዳም። ያ መንገድ የጫት መኪና፣ የጭነት መኪና፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት መንገድ ነው። መታጠፊያው ቆንጆ ነው ብሎ ሌሊት የሚፈትን ወጣት ካለ ከእኔ ጋር አንድ ቋንቋ አንናገርም። የሚነዳውማ እንዲህ ባለ ቦታ ነው፦ በባለቤቱና በሚመለከተው አካል ፈቃድ የተዘጋ ሰፊ የአስፋልት ግቢ፣ በፕላስቲክ ሾጣጣዎች የተሰመረ መስመር፣ አምቡላንስ ቆሞ፣ ተራ በተራ አንድ መኪና ብቻ። በብዙ አገር የመኪና ስፖርት የተጀመረው እንዲህ ነው። የሰዓት ክትትል ያለበት እንዲህ ያለ ፈተና ከጉልበት ይልቅ ሚዛንን ስለሚፈትን አሮጌ መኪና ያላችሁ ሰዎች ከአዲሱ ጋር ሳታፍሩ ልትወዳደሩበት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። በሐረርም በድሬዳዋም የቀሩት 404ዎች ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። ብዙዎቹን ባጃጅ ከሥራ አስወጥቷቸዋል። ለመም የምታዘጋጁት መኪና ቀድሞውኑ ከታክሲ ሥራ የወጣው፣ አካሉ የተጎዳው፣ ማንም የማይጠግነው ይሁን። ሙሉ ሆኖ የቆየውን፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለሙ፣ መሪው ሥር ያለው የማርሽ ዘንጉ፣ ሰዓትና ፍጥነት መቁጠሪያው በቦታው ያለውን እንደነበረ ተዉት። የምታወጡትንም ዕቃ ሁሉ ስሙን ጽፋችሁ፣ ብሎኑን በከረጢት አስራችሁ አስቀምጡ። መልሶ ሊገጠም የማይችል ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። በተለይ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ዲፍረንሻሉን። የ404 ዲፍረንሻል እንደ ብሎን በተጠማዘዘ የአረብ ብረት ዘንግና በነሐስ ጥርስ የሚሠራ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ አሠራሩ ዛሬ በመኪና ላይ የማይገኝ ነው። ከሌላ መኪና አምጥቶ ለመግጠም ሲባል የሚቆረጥ የኋላ አካል ተመልሶ አይገኝም።

ከጥያቄዎቹ መካከል አንዲት ሰልጣኝ ያነሳችውን እዚህ ላይ ጨምሬዋለሁ፤ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ። «ታዲያ ሞተሩን መቼ ነው የምንነካው?» አለች።

የመጀመሪያውን ዓመት ሞተሩን የምትነኪው ጤንነቱን ለማወቅ ብቻ ነው። የአራቱን ሲሊንደሮች የግፊት መጠን ለኪ፤ በመካከላቸው ልዩነት ካለ ምክንያቱን ፈልጊ። የቫልቮቹን ክፍተት አስተካክይ። የሲሊንደሮቹ ክዳን የሆነው ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ያጣምመዋል፤ ከወረደ ጠፍጣፋነቱን ሳታረጋግጪ ከሥሩ የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ አትቀይሪ። ካርቡራተሩን ለምትነጂበት ከተማ ከፍታ አስተካክይ። ራዲያተሩን አጽጂ። ከዚያ አስነጂው። ፍሬኑ፣ ጎማውና ሹፌሩ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሲጠቀሙበትና መኪናው አሁንም ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ያን ጊዜ ስለ ጉልበት እንነጋገራለን። ፋብሪካው ራሱ ለ404 በካርቡራተር ፈንታ ቤንዚን የሚረጭ የኩገልፊሸር ፓምፕ ያለው ሞተር ሠርቶለት ነበር፤ ጉልበቱም ከመደበኛው በግልጽ ይበልጣል። ከዚያው ቤተሰብ ወጥተሽ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም።

የመጀመሪያው የሙከራ ቀን ደግሞ እንዲህ ይሁን። ሹፌሩ አምስት ዙር ብቻ ይነዳል፤ ከአምስቱ የመጨረሻው ፍሬን ሳይያዝ በዝግታ የሚዞረው የማብረጃ ዙር ነው። ሲቆም የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ የጋለ ታምቡር እየበረደ ሲሰበሰብ ሸራው ላይ ይጣበቃልና። መኪናው በማርሽ ይያዝ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ወዲያውኑ የአራቱም ፍሬን ሙቀት፣ የአራቱም ጎማ ነፋስ፣ የውኃውና የዘይቱ መጠን ደብተር ላይ ይጻፍ። ኮፈኑ ተከፍቶ የሚያንጠባጥብ ነገር ይታይ። እያንዳንዱ የቸርኬ ብሎን እንደገና ይጥበቅ። ሁለተኛው ሙከራ ያ ሁሉ ሳይነበብ አይጀመርም።

አመሰግናለሁ። ውጭ ግቢው ውስጥ አንድ 404 በክሪክ ተነስቶ ቆሟል፤ የፊት ታምቡሮቹን አብረን እናወልቃለን። እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ተከተሉኝ።